የባህር ወንበዴ ጨዋታችሁ ሲቀል፦ ተጫዋቾች ሲጠነክሩ የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጠረጴዛ ዙሪያ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባህርይ ሆኖ በዳይስ በሚጫወተው የወንበዴ ጨዋታ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም ነገር ያስፈራል። ጀልባዋ ትንሽ ናት፣ ባሩዱ እርጥብ ነው፣ አንድ የወደብ ዘበኛ እንኳን ቡድኑን ያስጨንቃል። ሌቨል (የገጸ ባህርይ ብርታት ደረጃ) 5 ወይም 6 ላይ ሲደረስ ያው ቡድን ምሽግ ያለው ወደብ ገብቶ ጭረት ሳይነካው ይወጣል። አብዛኛው ጨዋታ መሪ (ታሪኩንና ጠላቱን የሚያንቀሳቅሰው ሰው) ይሄኔ የጠላቱን ቁጥር በሙሉ ከፍ ያደርጋል። ከመፍትሄዎች ሁሉ መጥፎው ይሄ ነው፤ ሰው ለወራት ለፍቶ ያገኘው ብርታት ምንም እንዳልሆነ ይቆጠራልና። የተበላሸው አንድ ቦታ ሆኖ ሳለ ሁሉን መንካት አያስፈልግም።

ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። በአንድ ቀጠሮ ውስጥ ደብተር ጠርዝ ላይ ሦስት ነገር መዝግቡ፦ ስንት ሙከራ ተደርጎ ስንቱ ተሳካ፣ ውጊያው በስንት ዙር አለቀ፣ ሲያልቅ የቡድኑ ህይወት (በጉዳት የሚቀነሰው ነጥብ) ከሙሉው ስንት ቀረ። ከ10 ሙከራ 6 ወይም 7 ሲሳካ ሰው ዳይሱ ላይ ያፈጣል። 9 ሲሳካ ስልኩን መነካካት ይጀምራል። ከታች ያሉት ችግሮች በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ይለያሉ።

ምልክት፦ ዳይሱ ከመጣሉ በፊት ውጤቱ ይታወቃል

ምክንያቱ የጭማሪ፣ ማለትም ዳይሱ ላይ የሚደመር ቁጥር፣ መደራረብ ነው። ባለ 20 ፊት ዳይስ ላይ እያንዳንዱ +1 ዕድሉን በ5 በመቶ ያሳድጋል። ማለፊያው (ለመሳካት መድረስ ያለበት ድምር) 15 ቢሆንና ተጫዋቹ +4 ቢኖረው 11 እና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል፤ ግማሽ በግማሽ ነው። +8 ሲሆን 70 በመቶ፣ +11 ሲሆን 85 በመቶ ይደርሳል። ከችሎታው +5፣ ከጥሩ መሣሪያ +3፣ ከጓደኛ እርዳታ +3 ሲደመር +11 እንዴት እንደመጣ ማንም አያስተውልም።

በሉዶ ዳይስ የምትጫወቱ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። ባለ 20 ፊቱ እጅ ላይ ከሌለ ሦስት ተራ ዳይስ መጣል የተለመደ ነው፤ የሁለቱም አማካይ 10.5 ስለሆነ ብዙ ሰው አንድ ይመስለዋል። አንድ አይደለም። ሦስት ዳይስ ሲደመር ውጤቱ መሀል ላይ ይከማቻል። 11 እና በላይ ማግኘት እዚህም 50 በመቶ ነው፤ 9 እና በላይ ግን 74 በመቶ፣ 7 እና በላይ 91 በመቶ ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር +4 ጭማሪ በባለ 20 ፊቱ ከ50 ወደ 70 የሚያደርሰውን ሰው፣ በሦስት ዳይስ ከ50 ወደ 91 ይወረውረዋል። ለባለ 20 ፊት የተጻፈ የጭማሪ ሠንጠረዥ እንዳለ ወስዶ በሉዶ ዳይስ የሚጫወት ቡድን ቶሎ የሚቀልበት ለዚህ ነው።

መፍትሄው፦ ጭማሪ ከስንትም ቦታ ቢመጣ ትልልቆቹ ሁለቱ ብቻ ይቆጠሩ። በላዩ ላይ ጣሪያ አብጁለት፤ ለባለ 20 ፊት +8፣ ለሦስት ዳይስ +4። ጣሪያውን ከጨዋታው በፊት ተነጋግራችሁ አጽድቁ፤ መሀል ላይ የሚወጣ ህግ ቂም ያመጣል።

የማለፊያ ቁጥሩን ግን ለተመሳሳይ ሥራ አትጨምሩ። በሌቨል 1 በ12 የተወጣ የሸራ ገመድ በሌቨል 7ም 12 ነው። እንዲያውም ያኔ ዳይስ አታስጥሉ፤ «ወጣህ፣ በቃ» ብላችሁ እለፉ። ከባዱን ቁጥር አዲስ ለሆነ ነገር አስቀምጡ፦ በማዕበል ሌሊት፣ ምሰሶው ተሰንጥቆ፣ የሚወጋ ጠላት ከታች እያለ።

ምልክት፦ የተፈራው የጠላት ካፒቴን በ2 ዙር ይሞታል

ይሄ የተራ ቁጥር ጉዳይ ነው። አምስት ተጫዋቾች በአንድ ዙር አምስት ጊዜ ይመታሉ፤ ካፒቴኑ አንዴ። ስሌቱ አጭር ነው፦ የተጫዋች ብዛት ሲባዛ በመምታት ዕድል ሲባዛ በአማካይ ጉዳት። አምስት ሰው፣ 65 በመቶ ዕድል፣ አማካይ ጉዳት 8 ከሆነ በዙር 26 ህይወት ይወርዳል። 50 ህይወት ያለው ካፒቴን ሁለተኛው ዙር ላይ ወድቋል። አራት ዙር የሚቆይ ውጊያ ከፈለጋችሁ በጠላት በኩል 104 ህይወት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚስቱት። 104ቱን በሙሉ ለካፒቴኑ ይሰጡታል። ያኔ አምስት ሰው አንድ ሰው ከቦ ይቀጠቅጣል፤ ውጊያው ይረዝማል እንጂ አይከብድም። ይልቅ አከፋፍሉት፦ ካፒቴኑ 50፣ ምክትሉ 30፣ ሦስት መርከበኞች ለእያንዳንዳቸው 8። ድምሩ ያው 104 ነው፤ ግን በአንድ ዙር አምስት የጠላት ተራ ተገኘ። ምክትሉ የመርከቧን መሪ ይዞ ወደ ድንጋይ እየነዳት ነው፤ አንዱ መርከበኛ የባሩድ በርሜል እያንከባለለ ነው። ተጫዋቾቹ ካፒቴኑን ይተው ወይስ በርሜሉን? ክብደቱ የሚመጣው ከዚህ ምርጫ ነው።

ካፒቴኑ የግድ ብቻውን መቆም ካለበት፣ ከየሁለት ተጫዋች ተራ በኋላ አንድ አጭር እርምጃ ስጡት፦ ይሸሻል፣ ገመድ ይቆርጣል፣ ወይም ሽጉጡን ይተኩሳል። ሦስቱንም በአንዴ አይደለም።

ከጠላት ወደ ተጫዋች የሚመጣውንም በዚያው ስሌት አስሉ። አምስት ሰው ለእያንዳንዱ 40 ህይወት ካለው የቡድኑ ጠቅላላ 200 ነው። በአራት ዙር 120 እንዲወርድ ከተፈለገ በዙር 30 ማለት ነው፤ አምስት ጠላት በ50 በመቶ ዕድል በአማካይ 12 ቢመታ ይሞላል። ከ12 በላይ ስታደርጉት አንድ ሰው በሁለተኛው ዙር ተዘርሮ ቀሪውን ሰዓት ተመልካች ሆኖ ይቀመጣል።

ምልክት፦ ልዩ ኃይላቸውን በሙሉ በመጀመሪያው ውጊያ ያራግፉታል

ከአዲስ አበባ ዳር ያሉ ቡድኖች ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ከኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶ፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታ የሚመጣ ሰው እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ 12 ሰዓት ላይ መነሳት አለበት፤ ከመሸ የታክሲ ሰልፉ አይቀመስም። በአራት ሰዓት ውስጥ የሚገባው ደህና ውጊያ አንድ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። ብዙዎቹ የጨዋታ ህጎች ግን በሁለት እረፍት መካከል በርካታ ውጊያ እንዳለ ቆጥረው ነው ኃይልን የሚያድሉት። ቡድኑ በየቀጠሮው አንዴ ተዋግቶ፣ ሌሊቱን ተኝቶ፣ በሚቀጥለው እሁድ ሙሉ ሆኖ ይመጣል። የሚቆጥብበት ምክንያት የለውም።

የእረፍትን ትርጉም ቀይሩ። ባህር ላይ ማደር ከሙሉ ህይወት አንድ አራተኛውን ብቻ ይመልስ፤ 40 ላለው 10። ልዩ ኃይል አይመልስም። ሙሉ በሙሉ የሚታደሰው ወዳጅ በሆነ ወደብ ሦስት ቀን ሲቆዩ ነው፤ ሦስቱ ቀን ደግሞ ምግብና የወደብ ክፍያ ያስወጣል። 12 ሰዓት ሲሆን እያንዳንዱ ተጫዋች የቀረውን ህይወት፣ ባሩድና ኃይል ካርድ ላይ ጽፎ ካርዱ ጨዋታ መሪው ጋ ይቀመጥ። ቀጠሮው ቢያልቅም ጉዞው አላለቀም።

አንድ ጉዳት አለው፦ ሐኪም የሆነውን ገጸ ባህርይ ከሌላው በላይ ያስርበዋል። ለእሱ ብቻ በየሌሊቱ አንድ ኃይል መልሱለት።

ምልክት፦ ትልቅ መርከብ ከማረኩ በኋላ የሚደፍራቸው የለም

ትልቋ መርከብ ነጻ ስጦታ ከሆነች ጨዋታው እዚያው ሞተ። በእውነተኛው ታሪክ ግን ትልቅ መርከብ ትልቅ ዕዳ ነበረች። 40 መድፍ ያላት መርከብ በአንድ ጎኗ 20 መድፍ ትተኩሳለች፤ ለአንድ መድፍ አምስት ሰው ብትመድቡ 100 ሰው ነው። 100 ሰው በቀን 4 ሊትር ውሃ ቢጠጣ በ20 ቀን 8,000 ሊትር። ያንን የሚሞላ ምንጭ ያለበት ደሴት የትኛው ነው? ደሴቱን ማን ይጠብቀዋል? የሚቀጥሉት ሁለት ቀጠሮዎች ታሪክ ከዚህ ስሌት ብቻ ይወጣል።

ሁለተኛው የመርከቧ ታች ነው። ሞቃት ባህር ውስጥ እንጨት የሚበሳ ትል አለ፤ ቅርፊታምና ሣር መሳዩም ነገር ተለጥፎ ፍጥነቷን ይበላል። ወንበዴዎች በየጥቂት ወሩ መርከባቸውን ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ አውጥተው፣ መድፉን አራግፈው፣ በጎኗ አጋድመው ይፍቁና ሬንጅ ይቀቡ ነበር። በጨዋታው፦ በየወሩ ፍጥነቷ በአንድ ይቀንስ፣ ቅነሳው ሦስት ሲደርስ ፍቆ ማጽዳት ግድ ይሁን፣ ሥራው አምስት ቀን ይፍጅ። በነዚያ አምስት ቀናት መድፉ አሸዋ ላይ ነው። ሌቨል 9 የደረሰ ቡድን እንኳን አድማስ ላይ ሸራ ሲያይ ይደነግጣል፤ አንድም የጠላት ቁጥር አልተጨመረም።

ሦስተኛው ጥልቀት ነው። ብላክቤርድ የሚባለው ወንበዴ 40 መድፍ ይዛ የነበረችውን መርከቡን በ1718 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሮላይና ዳርቻ አሸዋ ላይ አሳርፎ አጥቷታል። ካርታችሁ ቀይ ባህር ከሆነ ዳህላክ ለዚህ የተመቸ ነው፤ በኮራልና ጥልቀት በሌለው ውሃ የተከበቡ ብዙ ደሴቶች። ትንሿ ጀልባ ትገባለች፣ ትልቋ ትቀራለች፤ ቡድኑም መድፎቹን ጥሎ ለመግባት ይገደዳል።

ምልክት፦ ወርቅ በዛ፣ የማይገዙት ነገር ጠፋ

ድርሻ አካፍሉ። በርተሎሚው ሮበርትስ በሚባለው ወንበዴ መርከብ ላይ በነበረው ውል ካፒቴኑና ምክትሉ ሁለት ሁለት ድርሻ፣ እንደ መድፍ አለቃ ያሉት አንድ ተኩል፣ ተራው መርከበኛ አንድ ድርሻ ያገኝ ነበር። ተጫዋቾቹ ሁለቱን ባለ ሁለትና ሦስቱን ባለ አንድ ተኩል ቢይዙ 8.5 ድርሻ ነው። 80 መርከበኛ ሲጨመር 88.5። 8,850 ሳንቲም ቢዘረፍ ለአንድ ድርሻ 100 ይደርሳል፤ አምስቱ በድምሩ 850 ይዘው ይወጣሉ። ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም። ድርሻውን የሚያጎድል ካፒቴን በመርከበኛው ድምፅ ይወርዳል።

ምልክት፦ ያሻቸውን ቢያደርጉ ዓለሙ ዝም ይላል

በ1695 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ኤቨሪ የሚባል ወንበዴ በቀይ ባህር መግቢያ፣ ባብ ኤል መንደብ አጠገብ አድፍጦ ጠብቆ፣ ከቀይ ባህር ወደ ህንድ ስትመለስ የነበረችውን የህንዱን የሞጉል ንጉሥ መርከብ ጋንጂ ሳዋይን ዘረፈ። ከዚያ ወዲህ ንጉሡ በእንግሊዝ ነጋዴዎች ላይ ተነሳ፣ በኤቨሪ ራስ ላይ 500 ፓውንድ ተቆረጠ፣ ኋላም ወደ 1,000 አደገ። አንድ ዘረፋ ሁለት መንግሥት አንቀሳቀሰ።

ከ0 እስከ 10 የሚሄድ የስም መለኪያ አዘጋጁ፤ ትልቅ ዘረፋ 2 ይጨምር፣ አንድ ሰው እንኳን ከተረፈ ወሬው አይቀርም። 3 ላይ የንግድ መርከቦች በቡድን ይሄዳሉ። 5 ላይ የራስ ዋጋ ይቆረጣል፣ ወዳጅ የነበሩ ወደቦችም ሁለት እጥፍ ያስከፍላሉ። 8 ላይ የባህር ኃይል ሦስት መርከብ ይልካል። መለኪያው ሁሉም በሚያየው ቦታ ይሁን። ጠላት የመጣው ከራሳቸው ሥራ መሆኑን ካላወቁ መሪው የበቀለባቸው ይመስላቸዋል።

ምልክት፦ አስተካከልን ስንል ሁሉም ሊሞቱ ነው

ሁለት መፍትሄ በአንድ ቀን መጨመር ነው ምክንያቱ። በአንድ ቀጠሮ አንዱን ብቻ ቀይሩ። ውጊያ ላይ ጠላትን በሁለት ማዕበል ክፈሉት፤ ሁለተኛው ጀልባ ሦስተኛው ዙር ላይ ይደርሳል፤ ቡድኑ ከደከመ ጀልባው እስረኛና ምርኮ ብቻ ፈልጎ ይምጣ። ጠላት ግማሽ ሰው ሲያልቅበት ይሸሽ ወይም እጅ ይስጥ፤ ወንበዴም ሆነ ነጋዴ እስከ መጨረሻው ሰው የሚዋጋው ሌላ መውጫ ሲያጣ ነው። የዳይስ ውጤት ግን ደብቃችሁ አትቀይሩ። አንዴ ከታወቀ ቀጥሎ ያለው ድል ሁሉ ይጠረጠራል።

ምልክት፦ አንዱ ጎበዝ፣ ሌላው ተመልካች

ለቅሶ፣ ዝናብ፣ የትራንስፖርት ችግር እያለ ሁሉም በየሳምንቱ አይገኝም። የቀረው ሰው ሌቨል የሚያሳድገው ነጥብ ካልተሰጠው በሁለት ወር ውስጥ ሌቨል 8 እና ሌቨል 5 አንድ መርከብ ላይ ይገኛሉ፤ ለአንደኛው የሚመጥን ጠላት ሌላውን ይገድላል። ሌቨል የቡድኑ ይሁን፣ የተገኘም ያልተገኘም አብሮ ይደግ። የተገኘው ሰው ጥቅሙ በድርሻና በስም ይታይለት። የቀረውን ሰው ገጸ ባህርይ መርከቧን እንዲጠብቅ አድርጉት እንጂ ሌላ ተጫዋች ሁለት ካርድ አያጫውት፤ ተራው ይረዝማል፣ ከላይ ያሰላነው የዙር ቁጥርም ይዛባል። የጠላትን ህይወትም ያን ዕለት ጠረጴዛው ላይ ባለው ሰው ቁጥር አስሉ፦ አምስት ሲኖር 104 የነበረው፣ ሦስት ሲመጣ 62 ነው።