ለተራራ ስንለብስ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንድ ጓደኛችን ስሜን ተራሮችን ልናይ ስንወጣ በአዲስ ጂንስና በነጭ ስኒከር ፏ ብሎ መጣ። ጠዋት ፎቶው አምሮ ነበር። ከሰዓት ዝናብ ወረደ፣ ማታ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ሻይ መያዝ አቃተው። አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል፤ ቀድመን መንገር ነበረብን።

ትልቁ ስህተት ጂንስ ነው። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎም አይደርቅም። ዝናብ ባይኖር እንኳ ላብ ያርሰዋል። ከደባርቅ ከተማ እስከ ቧሂት ተራራ አናት 1,500 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ። በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ አየሩ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ልብስ ስትመርጡ ደባርቅ ላይ ካለው ሙቀት 9 ዲግሪ ቀንሱ፤ ነፋሱ ገና አልተቆጠረም። ቶሎ የሚደርቅ ሱሪ፣ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬት ይበቃል። ጋቢስ? ማታ ድንኳን ውስጥ የሚያህለው የለም። ግን እሱም ጥጥ ነውና እንዳይረጥብ ጠብቁት።

ጫማን በመልኩ መምረጥም ብዙ እግር አቁስሏል። ጫማ የሚለካው አመሻሽ ላይ፣ እግር አበጥ ሲል፣ በወፍራም ካልሲ ነው። ቁልቁለት ስትወርዱ ጣታችሁ ጫፉን ከመታ ጥፍራችሁ አለቀለት። አዲስ ከሆነ መጀመሪያ እንጦጦ ላይ ደጋግማችሁ ሂዱበት።

ቀለምን እንደ ጌጥ ብቻ ማየት ሌላው ነው። ጉም ሲወርድ ግራጫ ጃኬት ከአለቱ አይለይም። ቀይና ብርቱካን ግን ከሩቅ ይታያሉ።

ልባሽ ተራ ስትገዙ የታወቀ ምልክት አይታችሁ አትቸኩሉ። ጃኬቱን ገልብጡት። ስፌቱ ላይ የተለጠፈው ቴፕ ከተላቀቀ ውሃ ያስገባል። ከላይ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ከተንከባለለ ጥሩ ነው፣ ከሰረገ ተዉት።

መልክን ጭራሽ መናቅም ስህተት ነው፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። እህቴ ሰፊ ኮፍያ ተገዝቶላት ስላስጠላት ቦርሳዋ ውስጥ ቀረ። ከፍታ ላይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ይበረታል፤ ፊቷ ተቃጥሎ ተላጠ። በሚቀጥለው ጉዞ ራሷ የመረጠችውን፣ ጠርዙ ሰፊ የሆነውን አረንጓዴ ኮፍያ ከጭንቅላቷ አላወረደችውም።