ክሬዲቱ ተበላሽቶ ቤት መግዛት፤ አሜሪካ ለገባችሁ

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ለአብሮ አደጌ መኪና ኮሳይን አደረግኩለት፤ ማለትም ባይከፍል እኔ ተጠያቂ እንድሆን በብድሩ ላይ አብሬ ፈረምኩ። «ፊርማህን ብቻ ነው የምፈልገው፣ ክፍያው የኔ ነው» አለኝ። አንድ ሰፈር ያደግን ልጅ ነው፤ እንዴት ብዬ እምቢ ልበለው? ከዓመት በኋላ ሥራ አጣ። ሦስት ወር ሳይከፍል ቆየ። አፍሮ አልነገረኝም። እኔ የሰማሁት መኪናው ከበሩ ላይ ተጎትቶ ከተወሰደ በኋላ ነው። ክሬዲት ስኮሬ፣ ማለትም ዕዳ በመክፈል ምን ያህል እንደምታመን ለአበዳሪ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከ690 ወደ 541 ወረደ።

በዚያው ጊዜ ዕቁቤን አንድም ሳምንት አላሳለፍኩም። ኪራዬን በቀኑ እከፍል ነበር። በአካባቢው አበሻ ዘንድ የታመንኩ ሰው ነኝ። ባንክ ግን ይህን ከየት ያውቃል? ባንክ የሚያየው ወረቀት ነው። ስለዚህ ክሬዲታችሁ ወድቆ ቤት የምታስቡ ሁሉ፣ ሥራችሁ በሐቅ የምትኖሩትን ኑሮ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። እኔን ሦስት ዓመት ግድም ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ ክሬዲት ሪፖርታችሁን አውጡ። የብድርና የክፍያ ታሪካችሁን የሚይዙ ሦስት መዝጋቢዎች አሉ፤ ኢክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያን እና ትራንስዩኒየን። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ሦስቱንም በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይቻላል። ሦስቱንም አንብቡ፣ አንዱ ላይ ያለው ሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። በተለይ ስማችሁን እዩ። የኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ነው። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል፣ የአያት ስም መሐል ይገባል። እኔ ሪፖርቴ ላይ በሕይወቴ ረግጬው በማላውቀው ከተማ የተከፈተ የስልክ ሒሳብ አገኘሁ። ባለቤቱ ሞክሼዬ ነበር። የመንጃ ፈቃዴን ቅጂ፣ የኪራይ ውሌን እና አጭር ደብዳቤ አድርጌ ለመዝጋቢዎቹ በሪኮመንዴ ላክሁ። ሕጉ አቤቱታው ከደረሳቸው በኋላ በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ እንዲያጣሩ ያስገድዳቸዋል። ተሰረዘልኝ።

እውነተኛው ጥፋት ግን አይሰረዝም። ያልተከፈለ ዕዳ ሪፖርት ላይ እስከ 7 ዓመት ይቆያል፤ ቻፕተር 7 የሚባለው የኪሳራ መዝገብ ደግሞ እስከ 10 ዓመት። «ክሬዲት እናጸዳለን» የሚሏችሁ ሰዎች ይህን አይነግሯችሁም። እባካችሁ ገንዘባችሁን አትስጧቸው። እንዲህ ያለ ድርጅት ሥራውን ሳይጨርስ ክፍያ እንዳይቀበል የፌዴራሉ ሕግ ይከለክለዋል። በቅድሚያ ክፈሉ ካሏችሁ ውጡ። ደስ የሚለው ነገር የድሮው ጥፋት እያረጀ ሲሄድ ክብደቱ ይቀንሳል፣ በላዩ ላይ አዲስ መልካም ታሪክ ከተጻፈ ማለት ነው።

ያ ታሪክ የሚጻፈው እንዲህ ነው። ፊኮ በሚባለው የስኮር ስሌት 35 በመቶው በሰዓቱ መክፈል ነው፤ 30 በመቶው ደግሞ ያለባችሁ ዕዳ፣ በተለይ ከተፈቀደላችሁ ጣሪያ ስንቱን እንደተጠቀማችሁ ነው። እኔ 300 ዶላር አስይዤ ሴኪዩርድ ካርድ አወጣሁ። በካርዱ የምከፍለው እንደ ስልክ ሒሳብ ያሉ የወር ወጪዎቼን ነው። አንድ ነገር ግን ዘግይቶ ነው የገባኝ። ብዙዎቻችን የመክፈያውን ቀን ብቻ ነው የምናየው። ካርድ ሰጪው ወደ መዝጋቢዎቹ የሚልከው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስቴትመንቱ (የወሩ ሒሳብ መግለጫ) በሚዘጋበት ቀን ያለውን ዕዳ ነው። እኔ 240 ዶላር አወጣና በመክፈያው ቀን ሙሉውን እከፍላለሁ፤ እነሱ ግን ከ300ው 240ውን እንደጨረስኩ ይመዘግባሉ። ስቴትመንቱ ሳይዘጋ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ መክፈል ስጀምር ስኮሬ በሁለት ወር ውስጥ ከፍ አለ። ቀን ከረሳችሁም አትደንግጡ፤ ቅጣት ትከፍላላችሁ እንጂ 30 ቀን ሳይሞላው እንደዘገየ ክፍያ ሪፖርት ላይ አይወጣም።

አሁን ወደ ቤቱ። ክሬዲቱ ለተጎዳ ሰው በሩን የሚከፍተው ኤፍኤችኤ የሚባለው ብድር ነው። ብድሩን ባንክ ይሰጣል፣ መንግሥት ዋስ ይሆናል። ስኮራችሁ 580 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዳውን ፔይመንቱ (ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ቅድሚያ ክፍያ) 3.5 በመቶ ነው፤ የ400,000 ዶላር ቤት ከሆነ 14,000 ዶላር። ከ500 እስከ 579 ከሆነ 10 በመቶ ይጠየቃል። ይህ የመንግሥት ዝቅተኛው ነው፤ ብዙ ባንክ ከዚህ ከፍ ያለ ስለሚፈልግ አንዱ እምቢ ሲላችሁ ሌላው ጋ ሂዱ። በ14 ቀን ውስጥ የተለያዩ አበዳሪዎች ለሞርጌጅ (ለቤት ብድር) ክሬዲታችሁን ቢያዩት ስሌቱ ላይ እንደ አንድ ጊዜ ነው የሚቆጠረው። ከባለቤታችሁ ጋር የምትበደሩ ከሆነ ከሦስቱ መዝጋቢዎች የእያንዳንዳችሁ መካከለኛ ስኮር ይወሰድና የዝቅተኛው ነው የሚታየው። ቤቱ በዕዳ (በፎርክሎዠር) ለተወሰደበት 3 ዓመት፣ ቻፕተር 7 ለገባ 2 ዓመት መጠበቅ በአብዛኛው ግድ ነው። ከግንቦት 2025 ወዲህ ደግሞ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ለሌለው ሰው ይህ ብድር ተዘግቷል፤ ግሪን ካርዳችሁን ሳትይዙ ለማመልከቻ ገንዘብ አታውጡ።

ብድሩ ርካሽ አይደለም። የብድሩ 1.75 በመቶ ኢንሹራንስ መጀመሪያ ላይ ይጨመራል፣ ከዚያ ሌላ ወርሃዊ ኢንሹራንስም ይከፈላል። ዳውን ፔይመንታችሁ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ወርሃዊው እስከ ብድሩ መጨረሻ አብሯችሁ ይሄዳል። ስኮራችሁ ሲሻሻል ወደ ሌላ ብድር መቀየር ነው መውጫው።

ታክሲና ኡበር ለምትነዱ አንድ ነገር ልበል። ባንክ የሚጠይቃችሁ የ2 ዓመት የታክስ ወረቀት ነው። ታክስ ለመቀነስ ወጪ ብላችሁ የጻፋችሁት ሁሉ ገቢያችሁን ያሳንሰዋል። ቤት ካሰባችሁ ከሁለት ዓመት በፊት ከታክስ ሠሪያችሁ ጋር ተማከሩ።

እንደ እኔ ኮሳይን ያደረጋችሁ ደግሞ፣ ልጁ በደንብ እየከፈለ ከሆነም ዕዳው የናንተ ሆኖ ይቆጠራል። የ12 ወር ክፍያ ከራሱ ሒሳብ በሰዓቱ መውጣቱን የባንክ ወረቀቱ ካሳየ ግን ኤፍኤችኤ ከዕዳችሁ ያወጣላችኋል። ወረቀቱን ሳታፍሩ ጠይቁት።

ብድሩ ተፈቀደ ብላችሁ ቁልፍ ሳትቀበሉ ሶፋም ሆነ መኪና በዱቤ እንዳትገዙ። ከመፈረሙ በፊት ክሬዲታችሁን እንደገና ያዩታል።

ዕቁብን ለመጨረሻ ያቆየሁት ብዙ ሰው የሚሰናከልበት እዚህ ስለሆነ ነው። ዕጣው ይወጣልሃል፣ 12,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ባንክ ታስገባለህ። ሎን ኦፊሰሯ (ብድሩን የምታስኬደው የባንክ ሠራተኛ) የሁለት ወር ስቴትመንት ትጠይቅና «ይህ ከየት መጣ?» ትላለች። እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሴትየዋ ዕቁብ ምን እንደሆነ ሰምታ አታውቅም፣ ገንዘቡን አልቆጥርም አለች። ያዳነኝ የኤፍኤችኤ መመሪያ ራሱ ነው። 4000.1 በሚባለው መጽሐፋቸው ውስጥ አባላት ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ይፈቀዳል። ማኅበሩ መኖሩና ከመቼ ጀምሮ እንደቆየ፣ ገንዘቡ ለእናንተ መድረሱ፣ ብድር አለመሆኑ በወረቀት መታየት አለበት።

የዕቁባችን ጸሐፊ አንዲት እናት ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ከመሳቢያ አንድ ባለ መስመር ደብተር አወጡ። የ3 ዓመት ስም ዝርዝር፣ ቀን፣ መጠን፣ በየመስመሩ ፊርማ። ሰማያዊ እስክሪብቶ ሲያልቅ በቀይ ቀጥለዋል። ገጾቹን ኮፒ አድርገን አስተረጎምናቸው፣ እሳቸውም ደብዳቤ ጻፉ። በሳምንቱ ገንዘቡ ተቀባይነት አገኘ። የደብተሩ ቅጂ እስከ ዛሬ ከቤቱ ወረቀት ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ነው ያለው።