ፕሮሰሱ ለምን ቆመ? የትዳር ጓደኛ ማመልከቻ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ባለቤቴ ከአሜሪካ ፕሮሰስ ከጀመረልኝ በኋላ ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ 19 ወር ጠብቄያለሁ። ያኔ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ለምን ዘገየ?» ብሎ ነበር። እኔም ባለቤቴን በስልክ የምጨቀጭቀው ይህንኑ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ «ፋይሉ አሁን ማን እጅ ነው ያለው?» የሚለው እንደሆነ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ፋይሉ ሦስት ቤት ያልፋል። መጀመሪያ አይ-130 የሚባለው ማመልከቻ ወደ አሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት ይገባል። ዩኤስሲአይኤስ የምንለው ነው። እዚያ ሲጸድቅ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል፣ ማለትም ወደ ኤንቪሲ ይሄዳል። በመጨረሻ አዲስ አበባ ወዳለው ኤምባሲ ይመጣል። ማመልከቻው ሳይጸድቅ ኤምባሲ በር ላይ መቆም ትርፉ ድካም ነው። ከዚህ ተነስተው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ የአባይን በረሃ ወርደው ወጥተው፣ ከበር የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። አንጀቴን ነው የበሉት።

ፋይሉ የት እንዳለ ከቁጥሩ ይታወቃል። የዩኤስሲአይኤስ ቁጥር በሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጀምርና 10 አሃዞች ይከተሉታል። ኤንቪሲ ደግሞ የራሱን አዲስ ቁጥር ይሰጣል። የአዲስ አበባ ጉዳይ ከሆነ በኤ፣ ዲ፣ ዲ ፊደላት ይጀምራል። በእጃችሁ ያለው የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ከሆነ ፋይሉ ገና አሜሪካ፣ የመጀመሪያው ቤት ነው።

«‹ተቀብለናል› ካለ በኋላ ንቅንቅ አላለም»

ከሁሉም የበዛው ስሞታ ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፤ ወረፋ ነው። ሠራተኛው ፋይሉን እስኪከፍተው ድረስ ገጹ ላይ ያለው ቃል አይለወጥም። ዓመት ሙሉ ያው ሊሆን ይችላል። በየሰዓቱ ከፍቶ ማየት ፋይሉን አያፈጥነውም፤ እንቅልፍ ግን ይነሳል። እኔ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ለማየት ወስኜ ትንሽ ተንፍሻለሁ።

ዩኤስሲአይኤስ ለየማመልከቻው ዓይነት 80 በመቶው ጉዳይ በስንት ጊዜ እንደተጠናቀቀ ገጹ ላይ ያወጣል። እዚያው የገባችሁበትን ቀን ስታስገቡ ከመቼ ጀምሮ መጠየቅ እንደምትችሉ ይነግራችኋል። ቀኑ ካልደረሰ ጥያቄ ቢላክም የሚመጣው መልስ «ጠብቁ» ነው። ቀኑ ካለፈ አመልካቹ፣ ማለትም አሜሪካ ያለው የትዳር ጓደኛ፣ እዚያው ገጽ ላይ ጥያቄ ያስገባ። አጥጋቢ መልስ ካላገኘ በሚኖርበት አካባቢ የተመረጠውን የኮንግረስ አባል ቢሮ ይጠይቅ። ቢሮው የፈቃድ ቅጽ አስፈርሞ ስለ ፋይሉ ይጠይቅለታል፤ ክፍያ የለውም። ወረፋ አያስቆርጥም፣ ነገር ግን የተረሳ ፋይል ካለ ያስነሳል።

ሁለት ነገር አታድርጉ። ማመልከቻውን እንደገና አታስገቡ። በኢንተርኔት 625፣ በወረቀት 675 ዶላር ነው፤ ሁለተኛው ፋይል ደግሞ ከወረፋው ጅራት ይሰለፋል። ከፍዬ ላፋጥን ለሚላችሁ ሰውም ገንዘብ አትስጡ። ለአንዳንድ የሥራ ማመልከቻዎች ተጨማሪ ተከፍሎ የሚፈጥን አገልግሎት አለ፤ ለአይ-130 የለም። ስለዚህ ደላላው የሚሸጠው የሌለ ነገር ነው።

«እሱ ግሪን ካርድ ነው ያለው፤ የእኛ ከሌላው ዘገየ»

ሲቲዝን ለሆነ ሰው የትዳር ጓደኛ የቪዛ ቁጥር ኮታ የለውም። ግሪን ካርድ ብቻ ላለው ግን በየዓመቱ የተወሰነ ነው። መደቡ ኤፍ2ኤ ይባላል። ማመልከቻው ቢጸድቅም በየወሩ በሚወጣው የቪዛ ቡለቲን ላይ ቀናችሁ እስኪደርስ ትጠብቃላችሁ። ያ ቀን አይ-130 የገባበት ቀን ነው።

መፍትሄው አመልካቹ ሲቲዝን ለመሆን ከደረሰ ሳይዘገይ ማመልከት ነው። የዜግነት ቃለ መሐላ ሲፈጽም የሰርተፍኬቱን ቅጂ ፋይሉ ላለበት ቤት ይልካል፤ ጉዳዩም ወደ ሲቲዝን መደብ ይዞራል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳበት ነገር አለ። በኤፍ2ኤ ልጆች በእናታቸው ወይም በአባታቸው ፋይል አብረው ይገባሉ። ወደ ሲቲዝን መደብ ሲዞር ግን ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ አይ-130 ያስፈልጋል። ይህን ባለማወቅ እናት ኢንተርቪው ተጠርታ ልጅ ፋይል የሌለው ይሆናል። ልጅ ካላችሁ ለልጁ አይ-130 ገብቶ እንደሆነ ዛሬውኑ ለአመልካቹ ደውላችሁ ጠይቁ።

«ደብዳቤ ልከናል ይላል፤ ደብዳቤው ግን የለም»

መንስኤው ብዙ ጊዜ የአድራሻ ለውጥ ነው። አሜሪካ ያለ ወገናችን ቤት ቶሎ ቶሎ ይቀይራል። ዛሬ ከዘመድ ጋር፣ ነገ ሥራ ወዳለበት ከተማ። ደብዳቤው ወደ አሮጌው ቤት ሄዶ እዚያው ይቀራል። የእኛ ችግርም ይኸው ነበር።

የተላከው ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቅ ደብዳቤ ከሆነ ጊዜ አይሰጥም። መልስ መስጫው ቢበዛ 84 ቀን ነው፤ በፖስታ ሲላክ ጥቂት ቀን ይጨመርለታል። መልስ ካልተሰጠ ማመልከቻው እንደተተወ ተቆጥሮ ውድቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አመልካቹ የኢንተርኔት አካውንት ይክፈት፤ ብዙ ጊዜ ደብዳቤው እዚያም ይታያል። ቤት በቀየረ በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ያስመዝግብ። ፖስታ ቤት ማስመዝገብ ብቻውን አይበቃም። መልሱንም አንድ ጊዜ፣ የተጠየቀውን ሁሉ አሟልቶ ይላክ። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን በኋላ ማለት አይሠራም። በላካችሁት ላይ ተመሥርተው ይወስናሉ።

«ስሙም አይገጥም፣ ቀኑም አይገጥም»

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። እኛን ወራት ያስከፈለን ይህ ነው። ጎጃም ውስጥ የማየው መዘግየት ሥሩ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን እንይ። ግንቦት 12 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደችን ሴት እናስብ። ቅጽ የሚሞላው ሰው 8 ዓመት ደምሮ ወሩንና ቀኑን እንዳለ ይተዋል፤ ሜይ 12 ቀን 1993 ይላል። ትክክለኛው ሜይ 20 ቀን 1993 ነው። ሌላው ደግሞ ግንቦት 9ኛ ወር ስለሆነ 9 ብሎ ይጽፋል። አሜሪካኖች 9ን ሴፕቴምበር ብለው ያነባሉ። በዚያ ላይ እነሱ ወርን ከቀን ያስቀድማሉ። እንዲህ ሆኖ አንዲት ሴት በፓስፖርቷ፣ በልደት ሰርተፍኬቷና በጋብቻ ወረቀቷ ሦስት የልደት ቀን ይኖራታል። ፋይሉን የያዘው ሠራተኛ ደግሞ የእኛን ዘመን አቆጣጠር እንዲያውቅ አይጠበቅም። ሦስት ሰው ነው የሚታየው።

ዓመቱም ያሳስታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ የሚደመረው 7 ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። በቤት የተወለደና ቀኑ «የጥምቀት ሰሞን» ተብሎ የሚታወስ ሰው አንድ ቀን መርጦ በሁሉም ወረቀት ላይ ያንኑ ይያዝ።

ስም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ተክለ ሃይማኖትን አንዱ አንድ ቃል፣ ሌላው ሁለት ቃል አድርጎ ይጽፈዋል። በሁለት ቃል ሲሆን «ሃይማኖት» የአባት ስም ተብሎ ይያዛል። ፀሐይ በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳላት ቁጠሩ። የእኔን የጋብቻ ወረቀት የጻፈው ሠራተኛ በአባቴ ስም ላይ አንድ ፊደል ጨመረበት። አይቼው ነበር። «ምንም አይደለም» አሉኝ፣ ዝም አልኩ። ፋይሉ ሲከፈት መጀመሪያ የተጠየቅነው ስለዚያች ፊደል ነው።

መፍትሄው ፓስፖርትን መሪ ማድረግ ነው። ሌላው ወረቀት ሁሉ ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር ይግጠም። ስህተት ካለ ወረቀቱን ወደሰጠው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ተመልሳችሁ በደንቡ አሳርሙ። በእስክሪብቶ የተሠረዘ ወረቀት ይዛችሁ አትውጡ። እርማቱ ከእነሱ አቅም በላይ ከሆነ ወደ ፍርድ ቤት ይመሯችኋል፤ ሂዱ። ቅጹ ላይም «የተጠቀሙባቸው ሌሎች ስሞች» የሚል ቦታ አለ። ሰዎች ባዶ ይተዉታል። ስማችሁ በተለያየ አጻጻፍ የተጻፈበት ወረቀት ካለ ሁሉንም እዚያ አስፍሩ። ባልም ሚስቱን በራሱ ስም አይጻፋት። እኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟ አይለወጥም፤ በፓስፖርቷ እንዳለው ይሁን።

የጋብቻውን ቀንም አስተውሉ። በቁርባንም ይሁን በሰማንያ የተጋባችሁ፣ ጋብቻው በወሳኝ ኩነት ተመዝግቦ ሰርተፍኬት ሊኖራችሁ ይገባል። ሰርተፍኬቱ ላይ ጋብቻው የተፈጸመበት ቀንና የተመዘገበበት ቀን ለየብቻ ነው። ቅጹ ላይ የሚሞላው የተፈጸመበት ቀን ነው። የአማርኛው ሰነድ ሁሉ ከትርጉም ጋር ይላካል፤ ተርጓሚውም ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። በእኛ አካባቢ በልጅነታቸው ተድረው በሽማግሌ የተለያዩ ሴቶች አሉ። ያንን «ጋብቻ አልነበረም» ብለው ቅጹ ላይ ይተዉታል። በኋላ ሲወጣ መዋሸት ይመስላል። እውነቱን ጻፉ። ፍቺው በፍርድ ቤት ውሳኔ መረጋገጥ አለበት። ውሳኔው ከአሁኑ ጋብቻ በኋላ የተሰጠ ከሆነ ግን የአሁኑ ጋብቻ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ በራስ መሞከር አያዋጣም፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠየቅ። እሱ ቀድሞ አግብቶ የፈታ ከሆነም የፍቺ ወረቀቱ የግድ ነው።

«ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን አሳዩ ተባልን»

ይህ ደብዳቤ ሲመጣ ሰው የተሰደበ ያህል ይከፋዋል። አማቴ ሲነገራቸው አልቅሰዋል፤ «ዳስ ጥለን፣ አገር ጠርተን የዳርነውን?» አሉ። ነገር ግን ሠራተኛው ዳሱን አላየም። ያየው የሙሽራና የሙሽሪት ብቻ የሆኑ አራት ፎቶዎችን ነው።

ፎቶው ላይ ቤተሰብ ይኑር። ሽማግሌዎቹ፣ ሚዜዎቹ፣ የመልሱ ዕለት፣ ከሠርጉ በኋላ አብራችሁ ያሳለፋችኋቸው ቀናት። ከእያንዳንዱ ሥር ማን እንደሆነና መቼ እንደሆነ ጻፉ። እሱ የመጣበት የአውሮፕላን ትኬትና ፓስፖርቱ ላይ ያለው ማኅተም፣ የባንክ ሐዋላ ደረሰኝ፣ የቫይበርና የቴሌግራም ጥሪ ታሪክ ይጨመር። ሁለት መቶ ገጽ አያስፈልግም፤ ከየወሩ ጥቂት ይበቃል።

የእኛ ክልል ሰው ግን የራሱ ችግር አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። የጥሪ ታሪካችሁ ላይ በድንገት ባዶ ወራት ይታያሉ። ካልተገለጸ የተጣላችሁ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ አመልካቹ በራሱ ቃል ያንን ጽፎ ይፈርምበት። በዚያ ጊዜ በመደበኛ ስልክ የተደወለበትን ዝርዝርና የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ ያያይዝ። ትዳራችሁን የሚያውቁ ሁለት ሰዎችም የሚያውቁትን ጽፈው ቢፈርሙ ይረዳል።

«አፕሩቭ ሆነ፤ ቪዛ ግን የለም»

የጸደቀው የሁለታችሁ ዝምድና ነው። ቪዛው ገና ነው። ፋይሉ ኤንቪሲ ሲደርስ 325 ዶላር ለቪዛ ማመልከቻ፣ 120 ዶላር ለስፖንሰር ሰነድ ይከፈላል። ከዚያ ዲኤስ-260 የሚባለው የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ይሞላል፣ ሰነዶች ይጫናሉ። ክፍያው ሳይፈጸም ቅጹ አይከፈትም፤ ብዙ ሰው እዚህ ሳያውቀው ይቆማል።

ሁለተኛው ማነቆ አይ-864 የሚባለው የስፖንሰር ቅጽ ነው። የአመልካቹ ገቢ ለቤተሰቡ ብዛት ከተቀመጠው የድህነት መስመር 125 በመቶ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ሲቲዝን የሆነ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ አሜሪካ የሚኖርና ገቢው የሚበቃ ሌላ ሰው ተባባሪ ስፖንሰር ይሆናል። ዘመድ መሆኑ ግድ አይደለም። ይህን ሰው ቀድማችሁ ፈልጉ፤ ግዴታው ከባድ ስለሆነ ለማሰብ ጊዜ ይፈልጋል።

ኤንቪሲን ዓመት ሙሉ ዝም አትበሉት። ከተላከላችሁ ማስታወቂያ በኋላ ለአንድ ዓመት ምንም ካላደረጋችሁ ምዝገባው ሊሰረዝ ይችላል። ቢያንስ ግቡና መልእክት ተዉ።

ወደ ኢንተርቪው ሲቃረብ ደግሞ መንገዱን አስቡ። የሕክምና ምርመራው አዲስ አበባ ነው። ከደጀን በታች ያለው መንገድ ሲዘጋ ስንቱ ቀጠሮ እንደሚያልፍ እናውቃለን። ከቀጠሮው ሳምንት ቀደም ብላችሁ ውጡ፤ ማረፊያ ዘመድ ከአሁኑ ጠይቁ። መመሪያም ይለዋወጣልና ከመነሳታችሁ በፊት የኤምባሲውን ገጽ አንብቡ። በጋብቻችሁ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አሜሪካ ከገባችሁ የሚሰጣችሁ ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ነው። ሊያበቃ 90 ቀን ሲቀረው የሁለት ዓመቱን ገደብ ለማስነሳት አይ-751 የሚባለውን ቅጽ ማስገባት ይጀመራል። ያንን ቀን ከጋብቻ ሰርተፍኬቱ ቅጂ ጋር ቀድማችሁ ጽፋችሁ ያዙ።