ክሬዲቱ ማለፉ ብቻ አይበቃም

ሜሪላንድ ውስጥ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ለምትማሩ፣ በተለይ ከሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወደ ኮሌጅ ፓርኩ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ላሰባችሁ። ክላስ ከመመዝገባችሁ በፊት አርትሲስ (ARTSYS) የሚባለውን ድረ ገጽ ክፈቱ። የምትወስዱት ኮርስ ዩኒቨርሲቲው ጋ በየትኛው ኮርስ እንደሚተካ ያሳያል። ነፃ ነው።

ታዲያ «ያልፋል» የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። እንደ ምን ሆኖ ነው የሚያልፈው? ክሬዲቱ ተቀባይነት አግኝቶ እንደ ምርጫ ኮርስ ብቻ ሊቆጠር ይችላል። እኔ ኢንጂነሪንግ እያሰብኩ ለቢዝነስ ተማሪዎች የሚሰጠውን ካልኩለስ ወሰድኩ። ቀለል ይላል ብዬ ነዋ! ክሬዲቱ አለፈ። ካልኩለስን ግን እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። ገንዘቡም ጊዜውም ሄደ።

ኮምፒውተር ሳይንስ ለምትፈልጉ ደግሞ፣ ዩኒቨርሲቲው መግባትና ትምህርት ክፍሉ መግባት ለየቅል ነው። የክፍሉን መስፈርት ለብቻው አንብቡ።

የእያንዳንዱን ኮርስ ሲለበስ (syllabus፣ የኮርሱን ይዘት የሚዘረዝረውን ወረቀት) ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ኮርሱ አርትሲስ ላይ ከሌለ መከራከሪያችሁ እሱ ነው። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጀምራችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ የትራንስክሪፕቱን ጉዳይ ዛሬውኑ ጀምሩት። ሬጅስትራር የምትልኩት ዘመድ ውክልና ሊጠየቅ ይችላል፤ እሱም የራሱ ጣጣ አለው።