የቮልስ ሞተር ሲያንኳኳ፦ ክራንክሻፍቱን ሳይለኩ ብሮንዚን አይግዙ

አሮጌ ቮልስ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ዳገት ጨርሰው ሲቆሙ የዘይት መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች። ነዳጅ ሲሰጡ ትጠፋለች።

ወዲያው "ብሮንዚን በልቷል" የሚል አይጠፋም (ብሮንዚን ማለት ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ የሚያርፍበት ስስ ብረት ነው)። ሊሆን ይችላል፤ ግን ርካሹን ነገር አስቀድመው ያጣሩ። ዘይቱ ቀጥኖ ይሆናል። ቡልቦው (የዘይት ግፊት ሲቀንስ መብራቷን የሚያበራው ማብሪያ) ተበላሽቶ ይሆናል። ወይም የግፊት መቆጣጠሪያው ፒስተን ቆሻሻ ይዞት ክፍት ቀርቶ ይሆናል። ቡልቦውን ይፍቱና በቦታው የግፊት መለኪያ ይግጠሙ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ዘይቱና ፒስተኑ ደህና ሆነው፣ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ 2 ባር ካልሞላ ችግሩ ውስጥ ነው።

ድምፅም ይናገራል። ዳገት ላይ ከሆድ የሚወጣ ወፍራም ድምፅ ከሆነ ዋናዎቹን ብሮንዚኖች ይጠርጥሩ። እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሱ ኳ ኳ ካለ ደግሞ የቢዬላዎቹን (ፒስተኖቹን ከክራንኩ የሚያገናኙት ዘንጎች)። የካንዴላ ገመዶችን ተራ በተራ ይንቀሉ። አንዱን ሲነቅሉ ድምፁ ከቀነሰ ጥፋተኛው የዚያ ሲሊንደር ቢዬላ ነው።

በቮላኖ (ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለው ከባድ የብረት ጎማ) በኩል ዘይት እያንጠባጠበ ፓራኦሊዮ (ዘይት ከልካይ ቀለበት) ደጋግመው ቀይረዋል? ሞተሩን አጥፍተው ፑሌጃውን (የቺንጋውን መዘውር) በሁለት እጅ ይግፉ፣ ይሳቡ። ቀጭ ቀጭ ካለ ሰዓት በሚመስለው መለኪያ (ዳያል ጌጅ) ያረጋግጡ። የክራንኩ የፊትና የኋላ እንቅስቃሴ ልክ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚ.ሜ ነው፤ 0.15 ካለፈ መስተካከል አለበት። የሚስተካከለው ከቮላኖው ጀርባ በሚገቡ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ነው። ሁልጊዜ 3 ናቸው፤ ውፍረታቸውን እንጂ ቁጥራቸውን አይለውጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በ1300 ሞተሬ በደንብ ተቃጥያለሁ። አንድ ጋራዥ ክራንኩን ሳይለካ አዲስ ብሮንዚን ገጠመልኝ። በሁለት ወሩ ማንኳኳቱ ተመለሰ። ለካ ክራንኩ ሞላላ ሆኖ ነበር። ሞላላ ክራንክ ላይ አዲስ ብሮንዚን መግጠም ብር መጣል ነው።

የክራንኩን እያንዳንዱን ዙር መቀመጫ (ብሮንዚን የሚያርፍበትን ቦታ) በማይክሮሜትር፣ በሁለት አቅጣጫና በሁለቱም ጫፍ ይለኩ። በዚህ ሞተር ከ1ኛ እስከ 3ኛ ያሉት ዋና መቀመጫዎች 55 ሚ.ሜ፣ 4ኛው 40 ሚ.ሜ ናቸው። በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል ያለው ልዩነት ከ0.03 ሚ.ሜ ከበለጠ ይፈጫል። ስንጥቅም ያስፈትሹ፤ የተሰነጠቀን መፍጨት አያድነውም።

የሚፈጨው በደረጃ ነው፦ 0.25፣ 0.50፣ 0.75። ወደ ማሽን ሾፕ ከመሄድዎ በፊት ሶማሌ ተራ (የአዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያ) ወርደው የትኛው የብሮንዚን ቁጥር እንዳለ ያጣሩ። ለ0.25 አስፈጭተው ገበያው ላይ 0.50 ብቻ ካገኙ እንደገና ማስፈጨት ይኖርብዎታል። ፈጪው የመቀመጫውን ጥግ ክብ አድርጎ እንዲተወውም ይንገሩት። ስለት ጥግ ክራንክ ይሰብራል።

የማግኒዥየም ቅይጥ የሆነው የሞተሩ አካልም ይበላል። የድሮው ብሮንዚን በጀርባው ካብረቀረቀ ወይም በቦታው ከተወዛወዘ፣ ክራንኩን መፍጨት ብቻውን አይበቃም። አካሉ ተቦርቡሮ በውጭ ልኩ የሚወፍር ብሮንዚን ይገባል። ወጪው ይከብዳል፤ ካላደረጉት ግን ድምፁ ይመለሳል።

የክራንኩን የዘይት ቀዳዳዎች በሽቦ ብሩሽና በናፍጣ ይጠቡ። የዘይት ማቀዝቀዣውንም አይርሱ፤ የድሮው ብሮንዚን ብናኝ እዚያ ተደብቆ አዲሱን ይበላል።

የሞተሩን አካል ሁለት ግማሾች ሲያስሩ በየደረጃው ክራንኩን በእጅ ያዙሩ። ከከበደ አይግፉበት። ዳዶዎቹን ፈተው ይክፈቱት፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ብሮንዚን በቦታው የሚይዘው ፒን ላይ ሳይገባ ተጣብቆ ነው።