እግሩን ሳትቆጥሩ ስም አታውጡለት

ስዊድን ያለችው የአክስቴ ልጅ ባለፈው ክረምት በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። በርች የሚባለው ዛፍ ቅጠል ላይ የተጠቀለለ ወፍራም አረንጓዴ ትል። «አቦ፣ ይሄ የምን ቢራቢሮ ነው?» ትላለች። እኔ ድሬዳዋ ተቀምጬ በርችን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የብርድ አገር ዛፍ ነው፤ እኛ ሰፈር ያለው ኒም ነው። ስህተቱ ግን ሐረር ጎመን ማሳ ላይ ከማየው ጋር አንድ ነው።

ትል ሁሉ ቢራቢሮ ይሆናል ማለት

ይሄ ትል ቢራቢሮም የእሳት እራትም አይሆንም። ሲያድግ የንብና የተርብ ዘመድ ነው። እናትየው ጅራቷ ላይ መጋዝ የመሰለ ነገር አላት፤ ቅጠል በእሱ ሰንጥቃ እንቁላሏን ትከትበታለች። ስለዚህ «ባለመጋዝ» እለዋለሁ።

መለያው እግር ነው። ትሉን ከጎን ፎቶ አንሱትና አጉሉት። ከራሱ ሥር ያሉትን ሦስት ጥንድ ሹል እግሮች ተዉአቸው፤ ሁለቱም ዘንድ አሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ያሉትን ሥጋማ እግሮች ቁጠሩ። የቢራቢሮ ትል ቢበዛ አምስት ጥንድ ነው ያለው። ባለመጋዝ ከስድስት ጥንድ ጀምሮ ነው። የአክስቴ ልጅ ትል ስምንት ጥንድ ነበረው። ዓይኑም ይናገራል፦ ባለመጋዝ በየጎኑ አንድ ቁልፍ የመሰለ ዓይን አለው፤ የቢራቢሮ ትል ግን አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ጥቃቅን ነጥብ።

«ምን ለውጥ ያመጣል?» ያላችሁ እንደሆነ፣ አንድ ጎረቤቴን ልንገራችሁ። ጎመኑን ትል ሲበላበት ለቢራቢሮ ትል የሚሆን ቢቲ የሚባል ከባክቴሪያ የተሠራ ፀረ ተባይ ሸጡለት። ረጨ፣ ደገመ፣ ትሉ ወይ ፍንክች። አታሊያ የሚባል ጎመን በል ባለመጋዝ ነበር፤ ያ ቢቲ እሱን አይነካውም። ብሩ ግን ሄደ።

አዋቂውን ሲያዩ መሮጥ

ተርብ ይመስላል እንጂ አይናደፍም። ወገቡን እዩት፤ እንደ ተርብ የቀጠነ አይደለም።

ዛፉን ብቻ አይቶ መፍረድ

በርች የሚበላ ባለመጋዝ ብዙ ነው። ክሬሰስ የሚባለው በቡድን የቅጠሉን ዳር ይዞ ይበላል፤ ሲነኩት ሁሉም ጅራታቸውን ወደ ላይ ያቆማሉ። ፌኑሳ የሚባለው ደግሞ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ሆዱን ይቦረቡረዋል። ያም ሆኖ የዛፉን ስም መጻፍ አትርሱ። የኛው ትል ወገን፣ ሲምቤክስ፣ በርች ላይ አንድ ዓይነት፣ አልደር በሚባለው ዛፍ ላይ ሌላ ዓይነት አለው።

በቀለም መለየት

አዋቂው ሲምቤክስ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ቀይ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ከቀለሙ ይልቅ አንቴናውን እዩት፤ ጫፉ እንደ ቆመጥ ያበጠ ነው። ትሉን ለናሙና አልኮል ውስጥ ስታቆዩትም ቀለሙ ይለቃል፤ መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። አደራ፣ በውሃ ጠርሙስ አታስቀምጡት፤ በድሬ ሙቀት ወዲያው ነው የሚሸተው። ካቲካላም አቅሙ ትንሽ ነው። ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ግዙ።

የአክስቴ ልጅ እግሩን ቆጥራ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ጥቁር መስመር አይታ ሲምቤክስ ፌሞራተስ ላይ ደረስን። ፌሞራተስ የሚለውን ስም ያወጣለት ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1758። የአገርሽ ሰው ነው ብዬ አሾፍኩባት።

«እና ልጨፍልቀው?» አለች። አንድ ትል በርች አይጥልም፤ ተይው አልኳት። ነካ ስታደርገው ግን ከጎኑ ፈሳሽ ረጨባት።