በፈጠራ ቤዝቦል ሊጋችን ጫማውን ለሰቀለ ተጫዋች ታሪኩን እንዴት እንጻፍለት?

ባህር ዳር ላይ ከጓደኞቻችሁ ጋር በኮምፒውተር የፈጠራ ቤዝቦል ሊግ የምታጫውቱ ከሆነ፣ ቡድኖቹን ሽምብጥ፣ ግሽ ዓባይ፣ ጢስ ዓባይ ምናምን ብላችሁ ማለት ነው፣ የሆነ ሲዝን ላይ የምትወዱት ተጫዋች ጫማውን ይሰቅላል፣ ከዛ በቃ ስሙን የሚያነሳው የለም። እኔን ይሄ ከልቤ ያሳዝነኛል፣ ስለዚህ ጻፉለት።

መጀመሪያ ቁጥሩን አውጡ፣ ግን ድምሩን ብቻ ሳይሆን ሲዝን በሲዝን። ለባተር፣ ማለትም ኳሷን ለሚመታው፣ ሂቱንና (መትቶ ቤዝ የደረሰበትን) ሆም ራኑን (ከሜዳ ያወጣበትን)፣ ለፒቸር፣ ማለትም ለወርዋሪው ደግሞ ስንት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) እንደወረወረና በ9 ኢኒንግ በአማካይ ስንት ራን (ነጥብ) እንደተቆጠረበት። መብራት ሳይሄድባችሁ ኮፒውን ሌላ ቦታ አስቀምጡት።

ቀጥሎ ያለው ነው ዋናው፣ ቁጥሩን ከዘመኑ ጋር አስተያዩት። እ.ኤ.አ. በ1968 ከሁለቱ የአሜሪካ ትልልቅ ሊጎች በአንዱ፣ በአሜሪካን ሊግ፣ በባቲንግ አቬሬጅ አንደኛ የወጣው ካርል ያስትርዜምስኪ .301 ነበር የመታው (ከ1,000 ሙከራ 301 ሂት እንደማለት ነው)፣ በሌላ ዓመት እኮ በዚህ ቁጥር አንደኛ መውጣት አይታሰብም፣ ያኔ ግን ፒቸሮቹ አይቀመሱም ነበር፣ በሌላኛው፣ በናሽናል ሊግ፣ ፒቸሩ ቦብ ጊብሰን በ9 ኢኒንግ የተቆጠረበት አማካይ ራን (በሌሎች ተጫዋቾች ስህተት የመጣው ሳይጨመር) 1.12 ነው፣ እንደውም በዚህ የተነሳ በ1969 ፒቸር የሚቆምበትን ጉብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 አወረዱት። ስለዚህ ከተጫዋቹ ቁጥር ጎን የዛን ሲዝን የሊጉን አማካይ ጻፉ።

ሜዳውንም እዩ። የአሜሪካዋ ዴንቨር ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ኳስ ርቃ ትሄዳለች፣ ሆም ራን ይበዛል። ባህር ዳር ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ናት! ጌሙ ከፍታን የሚቆጥር ከሆነ እዚህ የወረወረን ፒቸር ቆላ ከወረወረው ጋር እኩል አትመዝኑት፣ ግፍ ነው።

ከዛ አንድ ሲዝን ምረጡ። ሁሉንም እኩል ከተረካችሁ አንባቢ ይሰለቻል። ፒቸሩ ሳንዲ ኩፋክስ በክርኑ አርትራይተስ ምክንያት በ1966 ገና በ30 ዓመቱ ነው ያቆመው፣ 165 ድል ብቻ ይዞ፣ ግን የመጨረሻዎቹ ዓመታት ብቃቱ ልዩ ስለነበር በ1972 ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቅ ተጫዋቾች የክብር መዝገብ) ገባ። የእናንተ ተጫዋችም የተለወጠበት ዓመት አለው፣ እሱን ፈልጉና ከዛ ጀምሩ፣ ለምሳሌ እንዲህ፦

«በስድስተኛው ሲዝን፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የጢስ ዓባይ ፒቸር አራተኛው ኢኒንግ ላይ ክንዱን ይዞ ወጣ። እስከዛ ቀን በሊጉ ትንሽ ራን የተቆጠረበት እሱ ነበር። ከዛ በኋላ ከአምስት ኢኒንግ በላይ ወርውሮ አያውቅም።»

ሦስቱም ዓረፍተ ነገር ሊጉ መዝገብ ላይ መገኘት አለበት። የልጅነት ታሪክ ልትጨምሩለት ትችላላችሁ፣ ዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ጣና ዳር አሳደገው ብትሉ ማንም አይቃወምም፣ ውጤት ላይ ግን አትጨምሩ፣ ያኔ የሌላው ተጫዋች ታሪክም አይታመንም። ያሰለጥነው የነበረውን ጓደኛችሁንም ጠይቁት፣ ለምን ሸጠው? ለምን ፍጻሜው ላይ ቤንች አደረገው? እሱን ኮምፒውተሩ አይነግራችሁም።

ሆል ኦፍ ፌም ካላችሁ ደግሞ የአሜሪካኖቹን ደንብ ተጠቀሙ፣ ቢያንስ 10 ሲዝን የተጫወተ፣ ካቆመ 5 ዓመት የሞላው፣ 75 በመቶ ድምፅ ያገኘ። ጽሑፉን ከድምፁ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ለሁሉም ላኩላቸው፣ አንብበው እንዲከራከሩበት።